ክፍት ቮልስ፦ ታድሶ ለገበያ የሚወጣ አሮጌ መኪና

ጥር ሲገባ ሥራ የሚበዛባቸው አሮጌ መኪኖች አሉ። ክረምቱን ሸራ ተከናንበው ግቢ ጥግ ይከርማሉ፤ የሰርጉ ወር ሲደርስ ታጥበው፣ ጎማቸው ተነፍቶ፣ ኮፈናቸው ላይ አበባ ታስሮ ይወጣሉ። ከሁሉም ተፈላጊዋ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ናት። ሙሽሮቹ ከነልብሳቸው ይታያሉ፤ ካሜራ የያዘውን ሰው መስታወት አይጋርደውም፤ ሚዜውም ቆሞ ማጨብጨብ ይችላል። የኪራዩ ገንዘብ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለች መኪና ለሽያጭ ስትቀርብ ወሬው ሁሉ ስለ ቀለሟ ይሆናል። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ገና ሙሽራ ናት!» ይላል ደላላው፣ በሩን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። ገዢውም ዓይኑ እዚያው ያንጸባርቃል። ታድሳ የምትሸጥ አሮጌ መኪና ግን ገንዘብ የምታወጣው ቀለሟ በሸፈነው ብረትና ሻጩ በያዘው ወረቀት ነው። ሁለቱ ከተስማሙ መኪናዋ ቅርስ ናት፤ ካልተስማሙ ቀለም የተቀባች የመለዋወጫ ክምችት ናት። ከመኪናዋ ጋር የምንተዋወቀውም በዚህ በኩል ነው።

የአሜሪካኖቹ ዘር

በዓለም ገበያ አሮጌ ክፍት መኪና ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሉት ነው። መካከለኛ ስፋት ባለው አካል ውስጥ ከባድ ሞተር መክተት ነው ጠቅላላ ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ፖንቲያክ «ጂቲኦ» ብሎ ያወጣው መኪና ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 6.4 ሊትር ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱ 325 ፈረስ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ፎርድ ማስታንግን ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ አሳየ፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶም ጣሪያው የሚታጠፍ ዓይነት ነበረው። ወጣቱ በመደበኛ መኪና ዋጋ የውድድር መኪና ጉልበት አገኘ።

ዘመኑ አልረዘመም። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቅቡ ቤንዚን ጠጪው ሞተር ባለቤቱን ማስጨነቅ ጀመረ፤ የኢንሹራንስ ክፍያውና የጭስ ሕጉም ተጨምረውበት ዘሩ ተዳከመ። ያው የነዳጅ ቀውስ እኛም ዘንድ ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አድማው አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት ከሮልስ ሮይሶቻቸው በአንዱ አልነበረም። የቀረበላቸው ትንሿ ቮልስዋገን፣ በእኛ አጠራር ቮልስ ነበረች። የአሜሪካኑን ጡንቻ ያደከመው ቀውስ ቮልስን በኢትዮጵያ ታሪክ ገጽ ላይ አስቀመጣት።

ለእኛ አገር ገዢ የታደሰ ክፍት መኪና ሲባል መነሻው እንግዲህ ቮልስ ናት። ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ መኪና ቢገኝም መለዋወጫው የለም፣ ቤንዚኑ አይቻልም፣ ስፋቱም ለመንገዱ አይመችም። ቮልስን ግን የማያውቅ መካኒክ አልነበረም፤ አስተማሪውም ሐኪሙም የመንግሥት ሠራተኛውም የመጀመሪያ መኪናው አድርጓታል።

ከኋላ የምትገፋው

ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ቮልስ አራት ሲሊንደሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ የምትቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር የሆነ መኪና ናት። ፋብሪካው ጀርመን ውስጥ ቮልፍስቡርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1938 ተመሠረተ፤ መኪናዋ ለሕዝብ በብዛት መመረት የጀመረችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 የፎርድን «ሞዴል ቲ» የምርት ብዛት አልፋ ሄደች። የመጨረሻዋ አሮጌ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ስትወጣ ድምሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

ክፍቷን የሠራት ቮልስዋገን ራሱ አይደለም። ኦስናብሩክ ከተማ ያለው ካርማን የተባለ አካል ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ድረስ ከ330,000 በላይ ክፍት ቮልሶችን ሠርቷል። ጣሪያ ያለውን አካል ወስዶ ጣሪያውን ቆርጦ መጣል ብቻ አልነበረም ሥራው። የመኪና ጣሪያ ፀሐይና ዝናብ ከመከላከል ሌላ የፊቱንና የኋላውን አካል አስሮ የሚይዝ ድልድይ ነው፤ እሱ ሲነሣ አካሉ ከመካከሉ መጉበጥ ይጀምራል። ስለዚህ ካርማን ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ የብረት ድጋፍ በየዳሩ በየደ፤ የፊት መስታወቱንም ፍሬም አጠነከረ። ጣሪያው ከላይ ሸራ፣ ከመካከል ወፍራም ሙሌት፣ ከውስጥ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ያለው ነው፤ የፊትና የኋላ ቅስቱ ውስጥ እንጨት አለ። የኋላ መስታወቱም እውነተኛ መስታወት ነው። ታጥፎ ሲቀመጥ ክምሩ ከፍ ስለሚል ነጂው በመካከለኛው ስፖኪዮ ኋላውን በደንብ አያይም።

እውነተኛዋን ከተቆረጠችው መለየት

አገራችን ውስጥ ክፍት ቮልስ ተብለው ከሚዞሩት መካከል ከፋብሪካ ክፍት ሆነው የመጡም፣ ጋራዥ ውስጥ ጣሪያቸው በመጋዝ የተቆረጠም አሉ። የተቆረጠችው ለሰርግ ቀን ታገለግል ይሆናል። በእውነተኛዋ ዋጋ ከተሸጠች ግን ማጭበርበር ነው። መለያው ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም።

ቀዳሚው ሻንሲ ቁጥሩ ነው። የኋላ ወንበር ሲነሣ ወለሉን ከሁለት የሚከፍለው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ አቧራና ዝገት ከሸፈነው በጨርቅና በጥቂት ናፍጣ ማሸት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1964 ወዲህ በተሠሩ ቮልሶች ላይ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የመኪናዋን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ጣሪያ ያላት መደበኛ ቮልስ በ11 ትጀምራለች፤ የካርማን ክፍት ቮልስ በ15። በ155 የሚጀምር ቁጥር የ1965 ሞዴል ክፍት ቮልስ ነው ማለት ነው። ጣሪያዋ ተከፍቶ ቁጥሯ በ11 የጀመረች መኪና ተቆርጣለች፤ ክርክር የለውም።

ሁለተኛው የሞተሩ ክዳን ነው። በመደበኛዋ ቮልስ ሞተሩ አየር የሚስበው ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ክፍቷ ላይ ያ ቦታ የታጠፈው ጣሪያ ማረፊያ ስለሆነ ካርማን የአየር ቀዳዳዎቹን በሞተሩ ክዳን ላይ አደረጋቸው። በኋለኞቹ ዓመታት አንዳንድ መደበኛ ቮልሶችም ክዳናቸው ላይ ቀዳዳ ስለነበራቸው ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይታያል።

ሦስተኛው በሩ ነው። አራት ሰው አስቀምጦ በሩን መክፈትና መዝጋት። ድጋፍ ያልተበየደላት መኪና ሰው ሲሞላባት ወገቧ ይወርዳል፤ በሩ ከላይ በኩል ይጠብና ወይ አይከፈትም ወይ አይገጥምም። በሩና አካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ባዶዋንም ሰው ሞልቶባትም ማየት ነው።

እድሳቱ ምንድን ነው

«ሙሉ በሙሉ የታደሰ» የሚለው ቃል በገበያ ላይ ብዙ ይባላል፤ ትርጉሙ ግን እንደ ሻጩ ይለያያል። አንዱ ቀለም ቀብቶ ወንበር ያለበሰውን ታደሰ ይላል፤ ሌላው እያንዳንዱን ቡሎን ፈትቶ የገጠመውን። ቮልስ ላይ እውነተኛ እድሳት የሚጀምረው አካሉን ከወለሉ በመለየት ነው። የላይኛው አካል በወለሉ ዙሪያ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈትቶ በሰው ኃይል ይነሣል። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚታየው።

ባትሪዋ የተቀመጠችው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ አሲዱ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ከበሮቹ ሥር የሚያልፉት ሣጥን መሰል ብረቶችም ይዝጋሉ። እነዚህ ብረቶች ሁለት ሥራ አላቸው፤ አካሉን ይሸከማሉ፣ የማሞቂያውንም አየር ያስተላልፋሉ። ጥሩ ባለሙያ የተበላውን ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ላሜራ ይበይዳል። ክፍቷ ላይ ይህን ከማድረጉ በፊት በሮቹ ባሉበት ልክ አካሉን በብረት አስሮ ይይዘዋል፤ ካልሆነ ብየዳው ሲቀዘቅዝ አካሉ ጠሞ ይቀራል። የሚቸኩለው ደግሞ ከላዩ ቀጭን ላሜራ ይለጥፍና በስቱኮ ይሞላዋል፤ ጥቁር የወለል ቀለም ይቀባበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ አንድ ክረምት ሲያልፍ ስቱኮው እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል።

ስቱኮ የበዛበትን ቦታ ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በአካሉ ላይ ማንሸራተት ነው። ብረት ባለበት ይይዛል፤ ስቱኮው በወፈረበት ይላላል ወይም ይወድቃል። በተለይ በመብራቶቹ ዙሪያ፣ በጎማ ከለላዎቹ መጋጠሚያና በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ መፈተን ይገባል። ቀጭን ስቱኮ ማንኛውም የተቀባ መኪና ላይ አይጠፋም፤ የሚያስፈራው ጣት የሚያህለው ነው።

ሞተሩ ከማርሽ ሣጥኑ ጋር የተያዘው በአራት ዋና ቡሎኖች ነው። ልምድ ያለው መካኒክ ሽቦዎቹን፣ የጋዝ ገመዱንና የቤንዚን ቱቦውን ነቅሎ፣ መኪናዋን ከኋላ አንሥቶ ሞተሩን ከሥር ያወጣዋል፤ አንድ ሰዓትም አይፈጅበት። ይህ ቅለት ቮልስን ተወዳጅ አድርጓታል። በኋላ እንደምናየው የወረቀት ጣጣዋም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ሞተሩ ሳይፈታ የሚታወቅ ድካም አለው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን ቺንጋ የሚያዞረውን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብና መግፋት ነው። በዓይን የሚታይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እንቅስቃሴ ካለ የውስጡ መቀመጫ ተበልቷል፤ ትልቅ ወጪ ይጠብቃል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ማዳመጥ። በቀደሙት ሞተሮች ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ ዘይት ማቀዝቀዣው ከላዩ ቆሞ ነፋሱን ስለሚከልልበት ነው። የተቃጠለ ቫልቭ ቀድሞ የሚገኘውም እዚያ ነው። የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ አስለክቶ ሦስተኛውን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር የሚሸጠው መኪና ታደሰ የተባለው በምላስ ይሁን በመፍቻ ያሳያል።

ቁጥር ከቁጥር፣ ቁጥር ከሊብሬ

በአሜሪካ የመኪና ጨረታ ላይ ሰው ሚሊዮን የሚያወጣው ለቁጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያትል ላይ የ1971 ሞዴል ክፍት ፕሊማውዝ ባራኩዳ፣ «ሄሚ» የሚባለው 7 ሊትር ሞተር የተገጠመላት፣ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በዚያ ዓመት በዚያ ሞተር የተሠሩት ክፍት ባራኩዳዎች ከአሥራ ሁለት አይበልጡም። ሞተሩን ገዝቶ በሌላ አካል ላይ መግጠም ይቻላል፤ ጣሪያውን መቅደድም ይቻላል፤ ግን አካሉ ላይ፣ ሞተሩ ላይና ማርሹ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ከፋብሪካው ምዝገባ ጋር ካልገጠሙ ዋጋው ወደ ተራ መኪና ይወርዳል።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው «ቡሊት» ፊልም ላይ ስቲቭ ማክዊን የነዳት ማስታንግ በጥር 2020 ፍሎሪዳ ላይ ለጨረታ ቀረበች። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ሰውነቷ የተጎዳ፣ ምንም ዓይነት እድሳት ያልተደረገላት ነበረች፤ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ተጠራባት። ገዢው የከፈለው ታሪኳ በሰነድ ስለተረጋገጠና ማንም ስላልነካካት ነው። ቢቀቧት ኖሮ ማስረጃዋ አብሮ ይሸፈን ነበር።

የእኛ አገር ሕግ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሊብሬ ይባላል። የባለቤቱ ስም፣ የታርጋ ቁጥሩ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ የተሠራበት ዓመት ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣውም ለዚሁ ነው። አሁን ወደ ቮልስ አራት ቡሎኖች እንመለስ። ሞተሩ በቀላሉ ስለሚወጣ በሃምሳና በስድሳ ዓመት ዕድሜዋ ሁለትና ሦስት ሞተር የቀየረች ቮልስ ብርቅ አይደለችም። የ1200 ሲሲው ሞተር ሲደክም የ1300ው ገባ፤ እሱም ሲቃጠል ከተጋጨች ቮልስ የወጣ 1500 ተተካ። ባለቤቱ ቀየረ እንጂ ሊብሬው ላይ አላስመዘገበም። መኪናዋ እስካልተሸጠች ድረስ ማንም አይጠይቅም፤ ስም ይዛወር ሲባል ግን መርማሪው ሞተሩ ላይ ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር የተመታውን ቁጥር ያነባል፣ ሊብሬውን ያያል፣ ፋይሉን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ምንጭ ከየት ነው፣ የተገዛበት ሰነድ የታለ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሻጩ ይህን መኪናዋን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ከጨረሰ ዋጋውን መጥራት ይችላል። ለገዢ ከተወው ግን ገዢው ከሊብሬው ጣጣ የሚበልጥ የዋጋ ቅናሽ ይጠይቃል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ሊብሬው ላይ «ነጭ» የተጻፈላት መኪና ስትታደስ ቀይ ከሆነች ለውጡ መመዝገብ አለበት። ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎ መለጠፍ ይኖርባታል፤ ቦሎ ለማግኘት ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልጋል። ውሉ በሁለት ምስክርና በደላላ ፊት ተፈርሞ ቤት የሚቀመጥ ወረቀት ከሆነ አይበቃም። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 እንደሚለው የተመዘገበ ንብረት ዝውውር በውልና ማስረጃ ፊት መረጋገጥ አለበት። ቀብድ የሚከፈለው ሊብሬውን ከመኪናዋ ጋር ቁጥር በቁጥር ካነበቡ በኋላ ይሁን፤ ቀሪው ክፍያም ውሉ ሲረጋገጥ።

የመኪናዋ ባለቤት የሞተ ከሆነ ደግሞ የወራሾች ጉዳይ ይቀድማል። አሮጌ ቮልስ ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የአያት ንብረት ናት፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሟች ሆኖ ልጆቹ በየአገሩ ተበትነው ይገኛሉ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሳይወጣ፣ ሁሉም ወራሾች ሳይስማሙ ወይም ውክልና ሳይሰጡ አንዱ ልጅ ብቻውን የሚሸጠው መኪና ገዢውን ለዓመታት ክርክር ይዳርገዋል።

የጋይንት ዳገት

ወረቀቱ ካለቀ መኪናዋ የምትነዳበትን መንገድ ማሰብ ነው፤ ለምሳሌ ከፍታው ላይ ያለውን ጋይንትን እንውሰድ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልዲያ የሚወርደው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ላይ ጎማ ለማንከባለል የተደረገው ታላቁ ጥረት የአፄ ቴዎድሮስ ነበር፤ ጋፋት ላይ ያሠሩትን «ሴባስቶፖል» የተባለ ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ አሳልፈው፣ ገደሉን እያስቆፈሩ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ወደ መቅደላ አስጎተቱት። ዛሬ በዚያው ዳገት አይሱዙው፣ ዶልፊኑና ሲኖትራኩ ሲወጣ ይውላል፤ ከተማ ውስጥ ባጃጁ ይርመሰመሳል። ቮልስ እዚህ ብትመጣስ?

ንፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጉልበቱም ሢሶ ያህል ይቀንሳል። የ1200ዋ ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት ከ24 ብዙም አይርቅም። የፖንቲያክም 325 ቢሆን ከመቅለል አይድንም፤ ልዩነቱ እሱ የሚቀርለት ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ በጉና ተራራ ጎን ያለውን ዳገት ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትቸኩል ትወጣለች።

ካርቡራቶሩ ደግሞ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ከሆነ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። መፍትሔው ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው፤ ጥቂት ሥራ ነው፣ ግን የሚያውቀው መካኒክ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ታድሳ፣ ባሕር ዳር ላይ ተነድታ የታየች መኪና ንፋስ መውጫ ላይ ጠባይዋ ቢለወጥ መካኒኩ ሌባ ነው ማለት አይደለም።

ከፍታው የሚጠቅማትም አለ። በዚህ አገር ውኃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ራዲያተሩ ክዳን የማይዝ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ቶሎ ይፈላበታል። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚፈላ ውኃም የላትም። በምትኩ የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያ በቺንጋ የሚዞር ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞውም ስለሚቆም ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ «ባትሪ ነው» ብሎ መቀጠል ሞተሩን ያቃጥለዋል፤ ወዲያው ማቆም ነው። ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ሳይዙ ጨጨሆን መውረድ አይመከርም።

ለብርዱም ማሞቂያ አላት። ማራገቢያው የሚነፋው አየር በጭስ ማውጫው ዙሪያ ባለው ሣጥን አልፎ በበሮቹ ሥር ባሉት ብረቶች ውስጥ ወደ እግር ይደርሳል። ሣጥኑ ከተበሳ ግን የጭሱ መርዝ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጣሪያው ተዘግቶ በብርድ ቀን ማሞቂያ የከፈተ ሰው ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ገዢ ማሞቂያውን አስከፍቶ ማሽተት አለበት፤ ቤንዚን ወይም ጭስ ከሸተተ ያ ሣጥን ሳይቀየር መኪናዋ አትነዳም።

ዋጋው ከየት ይመጣል

ሻጭ ዋጋ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ያወጣውን ይደምራል፤ ለቀለም ይህን ያህል፣ ለሞተር ይህን ያህል፣ ለወንበር ይህን ያህል። ገበያው ግን ለድካም አይከፍልም። እዚህም አሜሪካም የታደሰ መኪና ብዙ ጊዜ ከእድሳቱ ወጪ ባነሰ ይሸጣል። ያወጡት የሚመለሰው መኪናዋ ብርቅ ከሆነች፣ ቁጥሯ ከገጠመና ሥራዋ ከተመሰከረላት ነው።

የአገራችን ሁኔታ ለባለ ቮልስ የሚያግዝ ነገር አለው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ማስታንግም ሆነ ካርማን ቮልስ ከውጭ ማስገባት ለተራ ሰው የተዘጋ መንገድ ሆኗል። ያሉት ያሉት ብቻ ናቸው፤ በየዓመቱ አንዳንዱ ይጋጫል፣ አንዳንዱ ዝጎ ይቀራል፣ አንዳንዱ መለዋወጫ ሆኖ ይበተናል። የቀረው እየተወደደ መሄዱ የማይቀር ነው።

ገዢው ማን እንደሆነ ማወቅም የሻጭ ሥራ ነው። ለሰርግ ኪራይ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ጣሪያው በቀላሉ ይታጠፋል ወይ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ አጀብ ሲነዳ ይሞቃል ወይ፣ የኋላ ወንበሩ ሁለት ሰው ከነቬሎው ይይዛል ወይ ነው። ሰብሳቢ ከሆነ ቁጥሩን፣ የድሮ ፎቶዋን፣ የመጀመሪያውን የግዢ ወረቀት ይፈልጋል። የሙሽራ አጀብ ለመምራት የተቆረጠች ቮልስ ትበቃለች፤ ሰብሳቢ ግን በ11 የሚጀምረውን ቁጥር ሲያይ ቦርሳውን ይዘጋል። ሁለቱን ገዢዎች በአንድ ዋጋ ማነጋገር የሚቻል አይደለም።

ጥበበኛ ሻጭ እድሳቱ ሲጀመር አንሥቶ ፎቶ ያነሣል፤ ወለሉ ተቆርጦ ሲወጣ፣ አዲሱ ላሜራ ሲበየድ፣ ሞተሩ ተበትኖ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር። የተቀየሩትን ፒስተንና ፋሻ በካርቶን አስቀምጦ ያሳያል። ያልታደሰውንም ይናገራል፤ የማሞቂያው ሣጥን አልተቀየረም፣ የግራው በር ትንሽ ወርዷል፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ቆሟል። ጉድለቷን ከሻጩ አፍ የሰማ ገዢ ቀሪውን ያምናል፤ ራሱ ያገኘው ግን አንዱን ጉድለት አሥር አድርጎ ይቆጥራል።

ከወረቀቱና ከብረቱ ቀጥሎ ገዢ የሚጠይቀው ሦስተኛ ነገር አለ፤ እሱም የመካኒኩ ስልክ ነው። ካርቡራቶርን በጆሮ የሚያስተካክለው፣ የሦስተኛውን ሲሊንደር ጠባይ የሚያውቀው ባለሙያ እያረጀ ነው። ዛሬ በየከተማው የሚማረው ወጣት ኮምፒውተር የሚያነብ ሞተር፣ ነገ ደግሞ ባትሪ የሚነዳት መኪና ነው የሚያውቀው። ንፋስ መውጫ ላይ ወይም በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ፣ ቮልስ ይዞ ለመኖር ያሰበ ሰው መኪናዋን ያደሰው እጅ የት እንዳለ ሳያውቅ ቀብድ ባይከፍል ይሻለዋል። ከተቻለ መካኒኩን ከፍሎ ሁለት ቀን ማምጣት፣ ከአካባቢው ወጣት መካኒክ አንዱን አጠገቡ አቁሞ ሞተሩን አብረው አውርደው እንዲገጥሙ ማድረግ ነው። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ መኪናዋን ግን ከሚቀጥለው ጥር ወደሚቀጥለው የሚያሻግራት እሱ ነው።